ዘጠነኛው መስመር

ጠርጣራ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራትም ለመጸጸትም አይደለም፤ አስተዳደጌ ነው። አባቴ ነገሌ ጦር ሰፈር የንብረት ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበር። ብርድ ልብስ ሲያወጣ ይቆጥራል፣ ሲመለስለት ይቆጥራል፣ መጋዘኑን ቆልፎ ወደ ቤት መሄድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ልቡ አላምን ብሎት ተመልሶ ይቆጥራል። "ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" የሚለውን ተረት እኔና ወንድሞቼ ከሀሁ በፊት ነው ያጠናነው። ስለዚህ አስተማሪ ሆኜ ወደ ተወለድኩባት ነገሌ ስመለስ ተማሪ ሁሉ ለእኔ ገና ያልተያዘ ኮራጅ ነበር።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ የወታደርና የነጋዴ ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ከሊበን ገጠር የመጡ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ውጪ እምብዛም የማያገኙት የቦረና ልጆች። በየመንፈቅ ዓመቱ አንድ ድርሰት አስጽፌ ከሠላሳ አርማለሁ። የማርመውም እንዲሁ በስሜት አልነበረም፤ ስምንት መስመር ያለው መመዘኛ ነበረኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን። ተረትና ምሳሌ አንድ ብቻ፣ ከአንድ ካለፈ ይቀነስ። የታየው ብቻ ሳይሆን የተሰማውና የሸተተውም ይጻፍ። "ከዚያም" ከሁለት ጊዜ በላይ አይደገም። መጨረሻው ላይ ለአንባቢ ጥያቄ ይቅረብ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ይሄዳል፤ እያንዳንዱም የራሱ ነጥብ አለው።

ይህን ወረቀት ከእኔ በቀር ያየው ሰው አልነበረም። መምህራን ክፍል ካለው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ይታሰራል። ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ ምን ምን ነው የሚታየው?" ሲሉኝ "ጥሩ አድርጋችሁ ጻፉ" እላቸው ነበር። መመዘኛውን ካወቁ ለመመዘኛው ይጽፋሉ ብዬ አምን ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ እነሱ የማያውቁትን ማወቄ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሁለተኛውን መንፈቅ ድርሰት ሳርም የታላሶ ወረቀት ደረሰ። ታላሶ ከሊበን የመጣች፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው መንፈቅ ከሠላሳ አሥራ ሦስት ነበር የሰጠኋት። የአሁኑ ርዕስ "የማይረሳኝ ቦታ" ሲሆን እሷ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ጽፋለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሦስት ቃል ነው። ደስ አለኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የዓሣው ሽታና የወፎቹ ጫጫታ መጣ። ተረት አንድ፣ "ከዚያም" ሁለት ጊዜ። መጨረሻው ላይ ጥያቄ። እጄ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። ስምንቱም መስመሮች ያለ አንዳች ጉድለት፣ አንዱም ሳይቀር፣ ተሟልተዋል።

ሠላሳ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። መሳቢያውን ከፍቼ መመዘኛዬን አየሁት፤ አለ። ግን መኖሩ ምን ዋስትና ነው? ወስዶ ገልብጦ መመለስም አለ። የመሳቢያውን ቁልፍ ቀዳዳ በጥፍሬ ጫር ጫር አድርጌ መረመርኩት። ከአጠገቤ የሚቀመጠውን የታሪክ መምህር ቀና ብዬ አየሁት፤ ምነው ዛሬ ቀድሞኝ ገባ? የጽሕፈት ክፍሏ ሴትዮስ ማክሰኞ ለት እዚህ ምን ፈልጋ ነበር? ዘበኛው የሁሉንም ክፍል ቁልፍ ይዞ ነው የሚያድረው። ወደ ቤቴ ስሄድ "እንደምን ዋልሽ" ያለኝን ዘበኛ እግዜር ይመስገን ሳልል አለፍኩት።

በማግስቱ አርብ፣ ተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ እያሉ ክፍላቸው ገብቼ የታላሶን ቦርሳ ፈተሽኩ። ትክክል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ከደብተሯ ጀርባ ላይ ዝርዝሩን አገኘሁት። ከአንድ እስከ ስምንት በአማርኛ ተጽፏል፣ ከየጎኑም ነጥብ አለ። ቃሉ የእኔ ቃል አይደለም፤ ነገሩ ግን የእኔው መመዘኛ ነው። "ተረት አንድ ይበቃል፤ ሁለት ከሆነ ትቀንሳለች" ይላል አንዱ። "ትቀንሳለች" የተባልኩት እኔ ነኝ! ከስምንቱ በታች በቁቤ የተጻፈ ዘጠነኛ መስመር ነበር። የገበያ ኦሮምኛ እናገራለሁ፤ ቁቤ ማንበብ ግን አልተማርኩም። መመዘኛዬ ስምንት ነውና ይህኛው የራሷ ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩት።

ደብተሩን ይዤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ግርማ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ወዲያው የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ሰበሰቡ፤ እሳቸውና ሁለት መምህራን። ታላሶ ተጠራች።

"ይህን ማን ጻፈው?" አሏት።

"እኔ።"

"ከየት ገልብጠሽ?"

"ከመጠቅለያ።"

"የምን መጠቅለያ?"

"የስኳር፤" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "የበርበሬም አለ።"

አንደኛው መምህር ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈላ። ሰርቃኝ ስታበቃ የምታፌዝብኝ መሰለኝ። "መሳቢያዬን የከፈተልሽ ማን ነው? ስሙን ንገሪንና ይቀልልሽ" አልኳት።

"መሳቢያዎትን አላየሁም፣ ቲቸር።" አለች።

ፈተና ነክ ሰነድ የሰረቀ ተማሪ ለዓመቱ ይታገዳል። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት አሳዳጊዋ ይምጣ ተባለና ወደ ሊበን በሚሄድ የጭነት መኪና መልእክት ተላከ። ቅዳሜንና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። የታሪክ መምህሩን ገበያ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁትና ሁለቱንም በልቤ ፈረድኩባቸው።

ሰኞ ጠዋት አጎቷ መጣ። ኦቦ ጃርሶ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላውን ከእጁ የማይለይ ሰው። ሲገባ "አካም? ናጋ?" ብሎ እያንዳንዳችንን በእጁ ሰላም አለ፤ እኔን ከሌሎቹ አስረዝሞ።

አቶ ግርማ ነገሩን አስረዱት። በደንብ ካዳመጠ በኋላ፣ "የጠፋው የባርሲስቱ ወረቀት ነው?" አለ፤ አስተማሪዋ ማለቱ ነው።

"አዎ።"

"ተገኘ?"

"ግልባጩ ልጅቷ ደብተር ላይ ተገኘ።"

"እንግዲያ ወስዳለች፤" አለ ኦቦ ጃርሶ ፈርጠም ብሎ። "አምነናል። አንቱን በድለናል፣ ባርሲስቱ። አንዲት ጊደር እክሳለሁ።"

አቶ ግርማን ዞሬ አየኋቸው። ዐይኔ "አላልኩዎትም?" እያለ ነበር። የገዛ አጎቷ አመነ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ታላሶ ግን ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ሂን ሀኔ!" አለች፤ አልሰረቅኩም። ድምጿን እንዲያ ከፍ አድርጋ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ ፈጥና ፈጥና ተናገረች፤ ጆሮዬ የያዘው ስኳር የሚለውን ብቻ ነው።

"ዝም በይ፤" አላት አጎቷ በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ። "ያመነ ሰው ክሶ ይሄዳል። ነገር የሚያከረው የካደ ሰው ነው።"

አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኦቦ ጃርሶ፣ እዚህ በካሳ አይሆንም። ካመነች ትታገዳለች።"

ሰውየው የሰማውን ማመን አቃተው። "ካመነች ትባረራለች?" አለ። "ታዲያ እናንተ ዘንድ ማን ያምናል?"

ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከሄደች አትመለስም፤" አለ። "እህቷ ካገባች ወዲህ ቤታችን ሰው የለውም፤ ጥጃው፣ ውሃው ሁሉ እሷን ይጠብቃል። ልጨርስ ብላ ለምናኝ ነው የተውኳት። አንዴ ከገባች እኔም ሁለተኛ አልልክም።"

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተባለና ለምሳ ተበተንን።

ምሳ አልበላሁም። የሚያሳርፈኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን የስኳር ታሪክ ከሥሯ ነቅሎ መጣል። ታላሶ ከሁለት ልጆች ጋር የምትኖረው ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጀርባ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ነው። ጋሽ ሸምሱ የጉራጌ ሰው ነው፤ ነገሌ ከመጣ ዘመን ሆኖታል። ሱቁ ገብቼ ሩብ ኪሎ ስኳር ጠየቅኩት። ከባንኮኒው ሥር ወረቀት መዞ፣ ጠቅልሎ፣ ስኳሩን አፍስሶ አፉን አጣጥፎ ሰጠኝ።

ወረቀቱ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። አዙሬ አየሁት። አሥራ ስድስት ከሠላሳ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጣኸው?"

"ከናንተው ነዋ! ዘበኛችሁ በየክረምቱ አንድ አንድ ማዳበሪያ ያመጣልኛል፤ አላህ ይስጠው። ምነው፣ ችግር አለው?"

ተማሪዎች ሳይወስዷቸው የሚቀሩ ድርሰቶች ዓመት ባለቀ ቁጥር ጠረጴዛዬን ያጣብቡብኝ ነበርና ዘበኛውን "እባክህ አውጣልኝ" እለዋለሁ። አውጣልኝ አልኩ እንጂ የት እንደሚያወጣቸው ጠይቄው አላውቅም። አንዲት ቁልፍ አንገቴ ላይ አስሬ የምኖር ሴት፣ ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት በገዛ አፌ ሳስወጣ ኖሬአለሁ።

በጓሮ በኩል ዞሬ በሯን አንኳኳሁ። ታላሶ ብቻዋን ነበረች፤ ልብሷን በፌስታል እየከተተች። ስታየኝ ደነገጠች። የያዝኩትን ጥቅልል ስታይ ግን ገባት፤ ምንም ሳትለኝ ፍራሿን ገለጠችው።

ከሥሩ ወረቀት ተደርድሯል። ከአርባ አያንስም። እጥፋቱ በእጅ ተዳምጦ የተቃና፣ በርበሬ የነካው፣ ዘይት የጠጣው፤ ሁሉም የእኔ ቀይ ቀለም ያለበት።

"እንዴት አደረግሽው?" አልኳት።

"ብዙ ያገኘውን በዚህ፣ ትንሽ ያገኘውን በዚያ አደረግኩ። ከዚያ የት የት ላይ እንደቀነሱ አየሁ። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ተውኩት። አምስት ስድስት ሰው ላይ ከሆነ ጻፍኩት።"

"ለምን እንዲህ ደከምሽ? ለምን አትጠይቂኝም ነበር?"

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "ጠይቄ ነበር። አሥራ ሦስት የሰጡኝ ጊዜ። 'ጥሩ አድርገሽ ጻፊ' አሉኝ።"

ቁጭ አልኩ። የፍራሹ ጠርዝ ላይ። ከኮሚቴው ይዤው የመጣሁትን ደብተር ከፈትኩና ዘጠነኛውን መስመር በጣቴ አሳየኋት። "ይህ ምን ይላል? የእኔ መመዘኛ እኮ ስምንት ነው።"

ታላሶ መስመሩን በእጇ ሸፈነችው።

"አንብቢልኝ።"

"'ስለ ከብት አትጻፊ' ነው የሚለው፣ ቲቸር።"

"እንዲህ ያለ ነገር የለኝም!" አልኳት። ሰው በሐሰት ሲከሰስ እንደሚጮኸው ጮህኩ።

አልተከራከረችኝም። ከብዙው ክምር አምስት፣ ከትንሹ ክምር አምስት አንስታ ፊቴ ዘረጋችልኝ። አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን፣ ሐይቅ፣ የአጎቴ ፎቅ ቤት፤ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት። የውሃ ጉድጓድ ላይ ተራ መጠበቅ፣ የጠፋች ላም ፍለጋ፣ የጥጃ መወለድ፤ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት። ስሕተታቸውን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አባቴ ብርድ ልብስ እንደሚቆጥር፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሃያ አራት የሰጠሁት ልጅ "ከዚያም" ስምንት ጊዜ ብሏል፤ አላየሁበትም። ላም ፍለጋ የሄደው ልጅ አራት ጊዜ ብሏል፤ አራቱንም አክብቤበታለሁ። ስምንቱን መስመሮች ይዤ ስፈርድ ዘጠነኛው ከእጄ ሥር ሆኖ ይፈርድ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ሳላውቀው።

የላም ፍለጋው ወረቀት ግርጌ በእኔ ጽሕፈት "ለከብት ነው ወይስ ለሰው የምትጽፈው?" ይላል። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ይሆናል።

"ይሄ የማን ነው?"

"የጉዮ። ከእኛ በፊት የነበረ።"

"አሁን የት ነው?"

"ትቶታል። ሞያሌ ነው፤ መኪና ላይ ጭነት ይጭናል።"

ስምንት ሰዓት ላይ አሥሩንም ወረቀቶች ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ታላሶ እንዳልሰረቀች፣ ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ዘጠነኛው መስመርም የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። አቶ ግርማ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ቲቸር ትርንጎ፣ ልጅቷ ነጻ ናት፤ በቃ። ሌላውን ቃለ ጉባኤ ውስጥ ባንጨምረው አይሻልም?" አሉኝ ለእኔ አዝነው።

"ይጻፍ" አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ታላሶ ለአጎቷ በኦሮምኛ አስረዳችው። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። "እንግዲያ ያጠፋችሁት አንቱ ናችሁ፣ ባርሲስቱ?"

"እኔ ነኝ፣ ኦቦ ጃርሶ።"

"አምናችኋል?"

"አምኛለሁ።"

"ደግ። ካሳው ምንድን ነው?"

የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልቀለደም። አቶ ግርማ "ይቅርታ ትጠይቃችኋለች እኮ" ሊሉ ሞከሩ፤ ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ። "እኔ በሌለ ጥፋት ጊደር ልሰጥ ነበር። ባርሲስቱ ባለ ጥፋት በባዶ እጅ ትሄዳለች?" ወደ ታላሶ ዞረ። "የተበደለችው ልጄ ናት። እሷ ትናገር።"

ታላሶ ወደ እኔ ዞረች። "መመዘኛውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉልን፤" አለች። "ከመጻፋችን በፊት። ለሁላችንም።"

ማክሰኞ ጠዋት ጻፍኩት። ስምንቱንም፣ ከነነጥባቸው። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ስጽፍ በሰው ፊት ልብሴን የማወልቅ ያህል አፍሬ ነበር። እንደ ፈራሁትም ወዲያው እጅ ወጣ። "ቲቸር፣ ተረት ከአንድ ካለፈ ለምን ይቀነሳል?" ለምን እንደሆነ አሰብኩ። እኔ ስለማልወድ ብቻ ነበር። አጠፋሁት። የታላሶ የሐይቅ ድርሰት ሠላሳውን አገኘ፤ በመመዘኛው መሠረት የሠራችው ነውና። ሐዋሳን ግን በዐይኗ አይታ እንደማታውቅ በኋላ ነገረችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልም እኔው አስተማርኳቸው፤ እሷም ስለ ጉድጓድ ውሃ ጻፈች። ሃያ አራት ሰጠኋት። ወረቀቷን ይዛ መጣችና "ሁለት ቦታ ላይ ያለ አግባብ ቀንሰውብኛል" አለችኝ። መመዘኛውን መሃላችን አድርገን መስመር በመስመር ሄድን። በአንዱ እሷ ልክ ነበረች፣ በሌላው እኔ። ሃያ አምስት አደረግኩላት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነው የሄደችው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ቀይ እስክሪብቶ የያዛችሁ፤ ለሥልጠና የሚመጡት ሰዎች ነገሩን "ሩብሪክ" ይሉታል፤ በሠንጠረዥ ያሠሩናል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ተቆልፎበት የሚቀመጥ መመዘኛ ለተማሪው ወጥመድ ነው። ለእናንተም መደበቂያ ነው፤ ካልታየ ማንም አያርማችሁም። ጥርጣሬዬ ዛሬም አልለቀቀኝም። አሁን ግን አርሜ ስጨርስ ብዙ ያገኙትን በአንድ ወገን፣ ጥቂት ያገኙትን በሌላ ወገን እደረድርና ራሴን እፈትሻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለስብሰባ ሞያሌ ሄድኩ። ጉዮን የጭነት መኪናዎች መቆሚያ ላይ ጠይቄ አገኘሁት። ትከሻው ሰፍቷል፤ ጺም አውጥቷል። "ቲቸር!" ብሎ ሮጦ መጣ፤ ካልጋበዝኩ ብሎ ለስላሳ ገዛልኝ። ስለ ላሟ የጻፈውን ድርሰት በመመዘኛው መሠረት ዳግመኛ እንዳረምኩት፣ ሃያ ሦስት ይገባው እንደነበር፣ አሥራ ሁለት መስጠቴ የእኔ ጥፋት እንደሆነ ነገርኩት። ይቅርታም ጠየቅኩት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር።

"ላሟን እኮ አገኘናት፤" አለኝ። "እሱን መጨረሻው ላይ ጽፌው ነበር። እዚያ ድረስ አላነበቡትም እንዴ?"

አላነበብኩትም ነበር፤ ዳግመኛ ሳርመውም ስሕተት ቆጠርኩ እንጂ።